«አዶሌሴንስ» የተባለው የ45 ዓመት ሟች፦ በስትራትፎርድ ጎደሎ የቀብር መዝገብ ላይ የተደረገ የጉዳይ ጥናት

በእንግሊዝ አገር በስትራትፎርድ አፖን ኤቨን ከተማ፣ በቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የቀብር መዝገብ ውስጥ፣ በዛሬው አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1612 በሆነው ዕለት ሥር አንዲት አጭር መስመር ተጽፋለች። መስመሯ ጊልበርት ሼክስፒር መቀበሩን ከመናገር በቀር ብዙ የምትለው የለም፤ ከስሙ ቀጥሎ ግን «አዶሌሴንስ» የሚል አንድ የላቲን ቃል ታክሎባታል። ቃሉ በተለመደው ፍቺው ጎረምሳ ወይም ወጣት ማለት ነው። የዊልያም ሼክስፒር ታናሽ ወንድም የሆነው ጊልበርት ደግሞ ክርስትና የተነሣው በኦክቶበር 13 ቀን 1566 ስለሆነ፣ የተቀበረው እርሱ ከሆነ ዕድሜው 45 ዓመት ነበር ማለት ነው። ታዲያ በዚያ ቀን አፈር የለበሰው ጎልማሳው ጊልበርት ነው ወይስ በስሙ የተጠራ፣ ሌላ ሰነድ የማያውቀው ልጁ?

ጥያቄው ከአንድ ቃል ቢነሣም መልሱ የሚገኘው የመላውን ቤተሰብ መዝገብ አብሮ በማንበብ ነው። ጓንት ሰፊውና የከተማው ሹም ጆን ሼክስፒር ከባለቤቱ ከሜሪ አርደን ስምንት ልጆች ወልዷል፤ እነርሱም በ1558 ጆኣን፣ በ1562 ማርጋሬት፣ በ1564 ዊልያም፣ በ1566 ጊልበርት፣ በ1569 ሁለተኛዋ ጆኣን፣ በ1571 አን፣ በ1574 ሪቻርድ፣ በ1580 ኤድመንድ ክርስትና ተነሥተዋል። ከእነዚህ ስምንት ልጆች የአንዷ ቀብር በየትም ተጽፎ አልተገኘም፤ የአንዱ የተጻፈው በሌላ ከተማ ነው፤ የአንዱ ደግሞ በገዛ ከተማው ተጽፎ ሳለ ለረጅም ጊዜ ለሌላ ሰው ሲሰጥ ኖሯል። ይህን ቤተሰብ ለጥናቱ የመረጥሁት በአንዱ ልጅ ዝና የተነሣ ብቻ አይደለም። የአንድን የእጅ ሙያተኛ ቤት ወረቀት የዚህን ያህል ትውልድ ተመራማሪ እየተቀባበለ በፈተሸበት ጉዳይ ላይ እንኳ ክፍተቱ ሳይደፈን መቅረቱ፣ የራሱን ቅድመ አያቶች በአጥቢያ መዝገብ ለሚፈልግ ሰው ብዙ የሚያስተምረው ስላለ ነው።

ከስሞቹ በፊት መጽሐፉ ራሱ እንዴት እንደተሠራ መታወቅ አለበት። በእንግሊዝ አገር እያንዳንዱ አጥቢያ ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን በመዝገብ እንዲጽፍ የታዘዘው በ1538 በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ባለሥልጣን በቶማስ ክሮምዌል ነው። የመጀመሪያዎቹ መዝገቦች በአብዛኛው ወረቀት ስለነበሩ በእርጥበትና በአያያዝ ጉድለት ይበላሹ ነበር፤ ስለዚህ በ1598 የጸደቀ ትእዛዝ አጥቢያዎች አሮጌውን ጽሑፍ፣ በተለይም ከንግሥት ኤልሳቤጥ 1ኛ የመጀመሪያ የንግሥና ዓመት ወዲህ ያለውን፣ ወደ ብራና እንዲገለብጡና ከዚያ በኋላ በየዓመቱ አንድ ቅጂ ለጳጳሱ ጽሕፈት ቤት እንዲልኩ አስገደደ። የስትራትፎርዱ መዝገብ ከ1558 ይጀምራል፤ እስከ 1600 ገደማ ያለው ክፍሉ ግን በየዕለቱ የተጻፈ ሳይሆን በአንድ ጊዜ ከአሮጌው የተገለበጠ ነው።

ይህ ጥቃቅን የሚመስል እውነት የአነባበባችንን መንገድ ሁሉ ይለውጠዋል። በ1558 እና በ1600 መካከል ያለው እያንዳንዱ መስመር የዓይን ምስክር ቃል ሳይሆን የገልባጭ ቃል ነው። ገልባጩ የደበዘዘውን ሊያልፍ፣ የተቀደደውን ሊያጣ፣ ስምን እርሱ እንደሚያውቀው አድርጎ ሊጽፍ ይችላል። በገጾቹ ግርጌ ያሉት የቄሱና የሰበካ ተመራጮቹ ፊርማዎች የሚያረጋግጡትም የግልበጣውን ትክክለኛነት እንጂ በዚያ ዕለት ማን እንዳጠመቀና ማን እንደቀበረ አይደለም። በ1564 ዊልያም ክርስትና ሲነሣ የአጥቢያው ቄስ ጆን ብሬችገርድል ነበር፤ የዚያን ዘመን ገጾች ያረጋገጠው ግን በግልበጣው ጊዜ የነበረው ቄስ ሪቻርድ ባይፊልድ ነው። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ የያዘ ሰው «ያልተጻፈ አልሆነም» ለማለት መቸኮል የለበትም።

ወደ መጀመሪያዋ ጆኣን እንመለስ። ክርስትና የተነሣችው በሴፕቴምበር 15 ቀን 1558፣ ንግሥት ሜሪ ከመሞቷ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ስሟ በየትኛውም ሰነድ አይገኝም። በኤፕሪል 15 ቀን 1569 ግን ወላጆቿ ለሌላ ሴት ልጅ ያንኑ ስም አወጡ። አብዛኛው አንባቢ ከዚህ ተነሥቶ የመጀመሪያዋ ሞታ ነበር ብሎ ይደመድማል፤ በዘመኑ የሞተ ልጅን ስም ለሚቀጥለው መስጠት የተለመደ ስለነበረ ድምዳሜው ከእውነት የራቀ አይደለም። ሆኖም ብቻውን አይበቃም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ የክርስትና አባት ወይም እናት ስማቸውን ለሕፃኑ የሚያወርሱበት ልማድ ስለነበር፣ በሕይወት ያሉ ሁለት ወንድማማቾች ወይም እኅትማማቾች አንድ ስም የሚጋሩበት ጊዜ ነበረ። ስለዚህ ሌላ ድጋፍ መፈለግ ግድ ይሆናል።

ድጋፉ የሚገኘው ከኋለኛው ዘመን ነው። ዊልያም በማርች 1616 በፈረመው ኑዛዜ ውስጥ ያለችው እኅት አንዲት ጆኣን ብቻ ናት፤ እርሷም የባርኔጣ ሠሪው የዊልያም ሃርት ሚስት ናት። ለእርሷ 20 ፓውንድና ልብሱን፣ በሄንሊ መንገድ ያለውንም ቤት በዓመት 12 ፔንስ ብቻ እየከፈለች ዕድሜ ልኳን እንድትኖርበት ተወላት። ሌላ ጆኣን፣ ያገባችም ሆነች ያላገባች፣ በስትራትፎርድ ወረቀቶች ውስጥ ብቅ አትልም። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የጆኣን ሃርት የራሷ ጋብቻም በስትራትፎርድ መዝገብ ውስጥ የለም። ማግባቷን የምናውቀው የመጀመሪያ ልጇ በኦገስት 1600 ክርስትና በመነሣቱ ነው። ስለዚህ የአንዷን ዝምታ እንደ ሞት፣ የሌላይቱን ዝምታ እንደ ቸልታ የምንቆጥረው በዘፈቀደ ሳይሆን በዙሪያው ያለው ማስረጃ ስለሚመራን መሆን ይገባዋል።

መቼ ሞተች የሚለው ጥያቄ ወደ መጽሐፉ አሠራር ይመልሰናል። ጆኣን በተጠመቀችበት ጊዜ የአጥቢያው ቄስ ሮጀር ዳዮስ ነበር። ኤልሳቤጥ ነግሣ የአገሪቱ ሃይማኖት ሲለወጥ ዳዮስ ከቦታው ለቀቀ፤ ተተኪው ብሬችገርድል የመጣው በ1561 ነው። በመካከሉ ያሉት ዓመታት የቀብር ጽሑፍ ሳሳ ያለ ነው። በአንጻሩ ከዚያ በኋላ መዝገቡ በደንብ ይሠራል፦ የሁለተኛዋ ልጅ የማርጋሬት ቀብር በኤፕሪል 30 ቀን 1563 ተጽፏል፤ በጁላይ 1564 ወረርሽኝ ሲገባ ጸሐፊው በአንድ ሟች ስም ጎን በላቲን «መቅሠፍቱ እዚህ ጀመረ» ብሎ አስፍሯል፤ ከዚያም ሟቾቹ ተከታትለው ተመዝግበዋል። ማርጋሬትን ያልሳተ መዝገብ እኅቷን በ1563 ወይም በ1564 ብትሞት ይስታታል ማለት ይከብዳል። ስለዚህ የሕፃኗ ሞት ከ1561 በፊት ባለው ቀጭን ክፍል ውስጥ የወደቀ ይመስለኛል። በ1550ዎቹ ማብቂያ እንግሊዝ ውስጥ ብዙ ሰው የፈጀ የትኩሳት ወረርሽኝ እንደነበር ይታወቃል፤ ነገር ግን ይህች ልጅ በእርሱ ሞተች ብሎ መጻፍ ማስረጃው ከሚፈቅደው በላይ መራመድ ነው። ቤተሰብን በሚያጠና ሰው ዘንድ ይህ ፈተና ከሁሉ የበረታ ነው፤ ባዶውን ቦታ ማየት ስለሚያሳምም አሳዛኝ ታሪክ ልንሞላበት እንከጅላለን።

ከጊልበርት በፊት አንድ የቀን አቆጣጠር ወጥመድ መነሣት አለበት። በዘመኑ እንግሊዝ ዓመት የሚለወጠው በጃንዋሪ 1 ሳይሆን በማርች 25 ነበር፤ ስለዚህ ጃንዋሪ፣ ፌብሩዋሪና የማርች አብዛኛው ክፍል በአሮጌው ዓመት ይቆጠሩ ነበር። ዘመን መለወጫው መስከረም የሆነ አንባቢ ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም። አደጋው ያለው ዘንግቶ ማለፍ ላይ ነው። የዊልያም የመጀመሪያ ልጅ ሱዛና በሜይ 26 ቀን 1583 ክርስትና ተነሣች፤ መንታዎቹ ሃምኔትና ጁዲት ደግሞ በፌብሩዋሪ 2፣ መዝገቡ 1584 በሚለው ዓመት ውስጥ። ዓመቱን እንዳለ የተቀበለ ሰው በእኅታቸውና በመንታዎቹ መካከል የስምንት ወር ልዩነት ብቻ አግኝቶ፣ ከልጆቹ አንደኛው ወገን ከሌላ እናት ነው እስከ ማለት ሊደርስ ይችላል። ፌብሩዋሪው በዛሬው አቆጣጠር የ1585 ስለሆነ ግን ልዩነቱ 20 ወር ነው። የጊልበርትም ቀብር በመዝገቡ የ1611 ሲሆን በዛሬው አቆጣጠር የ1612 ነው፤ የወንድሙ የሪቻርድ ቀብር በፌብሩዋሪ 4 ቀን 1613፣ ከጊልበርት ልክ ዓመት ከአንድ ቀን በኋላ ይውላል።

አሁን «አዶሌሴንስ» ወደሚለው ቃል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተመዘገበ አንድ አፈ ታሪክ ነበረ፤ ከዊልያም ወንድሞች አንዱ ቻርልስ 2ኛ በ1660 ወደ ዙፋን እስከተመለሰበት ዘመን ድረስ በሕይወት ቆይቶ፣ ወንድሙ በመድረክ ላይ የሽማግሌ ክፍል ሲጫወት ማየቱን ይተርክ ነበር የሚል። ወንድሞቹ ሦስት ናቸው። የኤድመንድ ቀብር በ1607፣ የሪቻርድ በ1613 ያለ ጥርጥር ተጽፏል። ተረቱ እውነት እንዲሆን የሚቀረው ጊልበርት ብቻ ነው፤ ጊልበርት እንዲተርፍ ደግሞ በ1612 የተቀበረው ሌላ ጊልበርት መሆን አለበት። «ወጣት» የሚለው ቃል ለዚህ ምቹ ሆኖ ተገኘ፤ አንዳንድ የቀድሞ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎችም ሟቹን የጊልበርት ልጅ አድርገው ተቀበሉት። ጊልበርት በሕይወት ቢኖር በ1660 ዕድሜው ከ93 በላይ ይሆን እንደነበር ግን አላስጨነቃቸውም። በእኔ አስተያየት ስሕተቱ ከላቲኑ አልጀመረም። የስማ በለው ወሬ ቀድሞ ስለተወደደ መዝገቡ በወሬው መጠን ተቆረጠ።

ሁለቱን መላምቶች በእኩል ሚዛን ማስቀመጥ ግን ፍትሕ ነው። በስትራትፎርድ መዝገብ ውስጥ የጊልበርት ጋብቻም ሆነ የልጁ ጥምቀት የለም። ይህ ለልጁ መኖር የሚቃወም ማስረጃ ይመስላል፤ ነገር ግን ስለ ጆኣን ያልነውን እዚህ መርሳት አይቻልም፤ ልጁ በሌላ ከተማ ሊጠመቅ ይችል ነበር። በ1597 ለንደን ውስጥ ጊልበርት ሼክስፒር የሚባል የጌጣጌጥና የአልባሳት ነጋዴ ለአንድ የስትራትፎርድ ሰዓት ሠሪ ዋስ ሆኖ ይገኛል። ሰውየው የእኛው ጊልበርት ከሆነ፣ ኑሮው ለጊዜውም ቢሆን ከአጥቢያው ውጪ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ጉዳዩን የሚቆርጠው የጋብቻው አለመጻፍ አይደለም።

የሚቆርጡት ሌሎች ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ ጊልበርት ከ1612 በፊት በሰነድ ይታያል፤ በ1602 ዊልያም በአሮጌው ስትራትፎርድ 107 ኤከር መሬት ሲገዛ ርክክቡን በወንድሙ ስም የተቀበለው እርሱ ነው፤ በ1610 ደግሞ በአንድ የኪራይ ውል ላይ እንደ ምስክር ባማረ እጅ ፈርሟል። ከፌብሩዋሪ 1612 በኋላ ግን ምንም የለም፤ ሌላ የጊልበርት ሼክስፒር ቀብርም የለም። ሁለተኛ፣ የመዝገቡ የራሱ አጻጻፍ አለ። የዊልያም ልጅ ሃምኔት በ11 ዓመቱ በኦገስት 11 ቀን 1596 ሲቀበር «የዊልያም ልጅ» ተብሎ ነው የተጻፈው። በአባቱ ጥላ ሥር ያለ ልጅ በአባቱ ስም ይመዘገባል፤ የጊልበርት መስመር አባት አይጠራም። ሦስተኛ፣ ቃሉ ራሱ በአጥቢያ ጸሐፊ እጅ ዕድሜን ሳይሆን አለማግባትን ሊያመለክት ይችላል፤ በእኛም ቋንቋ «ልጃገረድ» የሚለው ቃል ከዓመት ቁጥር ይልቅ ስለ ትዳር እንደሚናገር ሁሉ። አብዛኞቹ የዛሬ ተመራማሪዎችም «አዶሌሴንስ»ን እዚህ ላይ «ያላገባ» ብለው ይፈቱታል። እንዲህ ያለ ቃል ሲያጋጥም መዝገበ ቃላት ከመግለጥ በፊት ያው ጸሐፊ በዚያው ዓመትና በዙሪያው ለማን ለማን እንደጻፈው ገጽ በገጽ መቁጠር ይሻላል።

በ1616 ኑዛዜ ውስጥ ጊልበርት አለመጠራቱም ብዙ ጊዜ እንደ ማስረጃ ይቀርባል። ከላይ ካሉት ጋር ሲደመር ክብደት አለው፤ ብቻውን ግን ደካማ ነው። ያው ኑዛዜ ለእኅት ልጆች ገንዘብ ሲተው የአንዱን ስም ባዶ ቦታ ትቶ አልፎታል። ባዶው የቶማስ ሃርት ነው፤ በ1605 ተጠምቆ በጊዜው በሕይወት የነበረ የአሥር ዓመት ልጅ። አጎት ወይም ጸሐፊው ስሙን ስላላስታወሰ ቶማስ አልኖረም ማለት አይቻልም።

የኤድመንድ ነገር ሌላውን የጎደሎነት ዓይነት ያሳያል። በሜይ 3 ቀን 1580 ስትራትፎርድ ላይ ክርስትና ተነሥቷል፤ ቀብሩን በዚያው የሚፈልግ ሰው ግን አያገኘውም። ምክንያቱ የመዝገቡ መጉደል አይደለም፤ ኤድመንድ ለንደን ሄዶ ተዋናይ ሆኖ ነበር። ዛሬ የሰዘርክ ካቴድራል በሆነው በሴይንት ሴቪየር ቤተ ክርስቲያን በዲሴምበር 31 ቀን 1607 ተቀብሯል። የቀብሩ መዝገብ ተዋናይ መሆኑንና በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ መቀበሩን ሲናገር፣ የክፍያው ጽሑፍ ደግሞ ከቀትር በፊት ትልቁ ደወል እንደተደወለለትና 20 ሺሊንግ እንደተከፈለ ይጨምራል። ከዚያ አራት ወር ከግማሽ ያህል ቀደም ብሎ፣ በኦገስት 12፣ በክሪፕልጌቱ ሴይንት ጋይልስ ቤተ ክርስቲያን የተቀበረ ሕፃን «የተዋናዩ የኤድዋርድ ሼክስፒር ልጅ ኤድዋርድ፣ ዲቃላ» ተብሎ ተጽፏል። ኤድመንድና ኤድዋርድ ይቀያየሩ የነበሩ ስሞች ስለሆኑ፣ ይህን ስምና ይህን ሙያ የያዘ ሌላ ሰው በለንደን ስለማይታወቅ፣ ሕፃኑ የኤድመንድ ነው መባሉን እቀበላለሁ፤ በቤተሰብ ዛፍ ላይ ግን «ሳይሆን አይቀርም» የሚል ቃል ሳይታከልበት መግባት የለበትም።

የክፍያ ሰነድ ጥቅም በስትራትፎርድም ይታያል። በኤፕሪል 4 ቀን 1579 በሰባት ዓመቷ የተቀበረችው አን በቀብር መዝገቡ አንድ መስመር ብቻ አላት፤ የከተማው የሒሳብ መዝገብ ግን አባቷ ለደወልና ለአስከሬን ልብስ 8 ፔንስ መክፈሉን ይነግረናል። የቀብር መስመር ቢጠፋ እንኳ እንዲህ ያለ ክፍያ ሞቱን ሊመሰክር ይችላል።

ሞክሼም ሌላው የስሕተት ምንጭ ነው። በ1709 የታተመ የሕይወት ታሪክ ጆን ሼክስፒር አሥር ልጆች እንደነበሩት ጽፏል። ቁጥሩ የጨመረው በከተማው ጆን ሼክስፒር የሚባል ጫማ ሰፊም ስለነበረ ነው፤ ከ1589 እስከ 1591 የተጠመቁት ኡርሱላ፣ ሃምፍሪና ፊሊፕ የእርሱ ልጆች ናቸው። የማዕረግ ስምን ማየት ብቻ ሁለቱን ይለያቸዋል፤ በከተማ ሹመት ያለፈው ጓንት ሰፊው «ሚስተር» ሲባል ጫማ ሰፊው አይባልም። ደግሞስ በ1558 የመጀመሪያ ልጇን ያስጠመቀች ሜሪ ከ33 ዓመት በኋላ ልትወልድ እንዴት ይታሰባል?

ከሁሉ የሚገርመው ግን የዊልያም ሚስት የአን ሃታዌይ መስመር ነው። በኦገስት 8 ቀን 1623 ሥር ሁለት ስሞች ተከታትለው ተጽፈዋል፦ «ወይዘሮ ሼክስፒር» እና «የሪቻርድ ጄምስ ሚስት አና»። ሁለቱ መስመሮች በአንድ ቀን ስለተጣመሩ፣ አን ባሏ ከሞተ በኋላ ሪቻርድ ጄምስን አግብታ ነበር ያሉ አልጠፉም። በዚያ ቀን ሁለት ሴቶች ተቀበሩ ብሎ ማንበብ ይበቃ ነበር። በመቃብሯ ላይ ያለው የናስ ጽሑፍም የዊልያም ሼክስፒር ሚስት ብሎ ይጠራታል፤ ኦገስት 6 ቀን በ67 ዓመቷ ማረፏንም ይናገራል። በዚህ ስሌት የተወለደችው ከ1556 ገደማ፣ ማለትም የስትራትፎርድ መዝገብ ከመጀመሩ በፊት ስለሆነ፣ ለዕድሜዋ ያለን ምስክር ያ ናስ ነው።

እነዚህ ሁሉ ከተመዘኑ በኋላ በቤተሰቡ ገጽ ላይ የማሰፍረው እንዲህ ነው። ጊልበርት፦ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1612 ተቀበረ፣ ያላገባ፣ 45 ዓመት፤ ከጎኑም «አዶሌሴንስ» የሚለው ቃል እንደተጻፈ፣ ሳይተረጎም ይቀመጣል፣ ወደፊት የሚመጣ አንባቢ በራሱ ዓይን እንዲያየው። ኤድመንድ፦ ዲሴምበር 31 ቀን 1607፣ ሰዘርክ፤ ልጅ ኤድዋርድ፣ ሳይሆን አይቀርም። የመጀመሪያዋ ጆኣን፦ ሴፕቴምበር 15 ቀን 1558 ተጠመቀች፤ ከኤፕሪል 1569 በፊት፣ ምናልባትም ከ1561 በፊት በሕፃንነቷ አረፈች፤ የተቀበረችበት ቀን የሚጻፍበት ቦታ ባዶውን ይቆያል።